አዲስ የእንስሳት ሐኪም ሥራውን ከየት ይጀምር?

የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1979 በቢሾፍቱ፣ በያኔዋ ደብረ ዘይት፣ ሲከፈት ተመራቂው ለቅጥር ደጅ የሚጠናበት ምክንያት አልነበረም፤ መንግሥት ይመድበዋል፣ ወደተመደበበት አውራጃ ይሄዳል፣ ደመወዙም በየወሩ ይደርሰዋል። ዛሬ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በተጨማሪ ጎንደር፣ ሐሮማያ፣ ጅማ፣ መቀሌ፣ ሐዋሳና ጅግጅጋን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች ሐኪሞችን ያስመርቃሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል፤ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሚያወጡት ክፍት የሥራ መደብ ግን ከተመራቂው ቁጥር ጋር አብሮ አላደገም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ዲግሪውን ይዞ የቅጥር ማስታወቂያ ለሚጠብቅ፣ ወይም በወረዳ ክሊኒክ ጥቂት ዓመታት ሠርቶ ሌላ መንገድ ለሚያፈላልግ ሐኪም ነው።

የጽሑፉ ምክር ባጭሩ ይህ ነው፤ መድኃኒት በመሸጥ ከሚገኝ ትርፍ ይልቅ ባለ ከብቱ በሚያገኘው ወተት፣ ጥጃ፣ እንቁላል ወይም ተቀባይነት ያለው የጤና ሰነድ ላይ የተመሠረተ ክፍያ የሚያስገኝ ሥራ ይምረጡ። ምክንያቱ ግልጽ እንዲሆን አገልግሎቱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል።

ገበያው ለምን እንዲህ ሆነ

በሀገራችን የእንስሳት ሕክምና ያደገው ወረርሽኝን በመከላከል ዙሪያ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የገባው ደስታ በሽታ የሀገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጅቶ «ክፉ ቀን» ለተባለው ረኃብ ዋና መንስኤ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ባለው ክፍለ ዘመን የተካሄዱት ዘመቻዎችም ብዙ ከብት ሰብስቦ በመከተብ ላይ ያተኮሩ ነበሩ፤ ድካሙ ፍሬ አፍርቶ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ታወጀ። የዚህ ዓይነቱ ክትባት የመንግሥት ሥራ መሆኑ ተገቢ ነው፤ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማጥፋት የተያዘው ዓለም አቀፍ ዕቅድም በዚያው መንገድ ይሄዳል። ችግሩ የግለሰብ ከብት ሕክምናም በዚያው መንፈስ መቀጠሉ ነው። የወረዳው ክሊኒክ ለምርመራ የሚጠይቀው ክፍያ እዚህ ግባ የማይባል በመሆኑ፣ አርሶ አደሩ ለመድኃኒቱ እንጂ ለሐኪሙ ዕውቀት መክፈልን አልለመደም። ስለዚህ የግል ክሊኒክ የከፈተ ሐኪም የምርመራውን ዋጋ በመድኃኒቱ ውስጥ ደብቆ ለማስከፈል ይገደዳል፤ በዚህ ጊዜ ተፎካካሪው ሌላ ሐኪም መሆኑ ቀርቶ በገበያ ቀን ኦክሲቴትራሳይክሊንና አይቨርሜክቲን በከረጢት ይዞ የሚዞር ነጋዴ ይሆናል። ኪራይ የማይከፍል፣ ግብር የማያውቅ፣ ፈቃድ የሌለው ነጋዴ ደግሞ በዋጋ አይሸነፍም።

ከብቱን ሳይሆን ከፋዩን መቁጠር

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የናሙና ጥናት የሀገሪቱ የቀንድ ከብት ወደ 70 ሚሊዮን ይጠጋል። ይህ ቁጥር በስብሰባ መክፈቻ ንግግር ላይ ያምራል፤ ለጀማሪ ሐኪም ግን የሚነግረው ነገር ጥቂት ነው። ቦታ ከመምረጥዎ በፊት በሞተር ሳይክል ደርሶ መመለስ በሚቻልበት ርቀት ውስጥ ያሉትን፣ የእንስሳት ሞት ወይም የምርት መቀነስ በገንዘብ የሚጎዳቸውን ሰዎች በስም ይመዝግቡ፤ የተዳቀሉ የወተት ላሞች ያላቸው ስንት ናቸው? ለገበያ የሚያረቡ የዶሮ ባለቤቶችስ? ማድለቢያ አለ? የወተት ማሰባሰቢያ ማኅበር አለ? ለእርባታው ብድር የወሰደ ማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ እንደ ሐሜት ቢመስልም ዋጋ አለው፤ የባንክ ዕዳ ያለበት ሰው ላሟ ሳትታመም ሐኪም የመጥራትን ጥቅም ከሌላው ቀድሞ ይረዳል።

በቢሾፍቱ፣ በሱሉልታ፣ በሆለታና በደብረ ብርሃን አካባቢ የወተት ላም ይበዛል፤ በአዳማ ዙሪያ ማድለቢያ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ ዶሮና የኤክስፖርት ቄራ አለ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም በወተት፣ በዶሮ፣ በማርና በዓሣ ላይ በማተኮሩ ቀድሞ እርባታን የማያውቁ ብዙ የከተማና የከተማ ዳር ነዋሪዎችን ወደ ሥራው አስገብቷል፤ ልምድ የሌለው አርቢ የሚሳሳተው ብዙ ስለሆነ የምክር ፍላጎቱም ከፍ ያለ ነው። በቦረና፣ በአፋርና በሶማሌ ያለው ሁኔታ ሌላ ነው። አርብቶ አደሩ የሚንቀሳቀስ በመሆኑ እዚያ የሚያዋጣው አንድ ክሊኒክ ከፍቶ መቀመጥ ሳይሆን፣ ከማኅበረሰቡ ተመርጠው የሠለጠኑትን የእንስሳት ጤና ሠራተኞች በሕጋዊ መድኃኒት፣ በሥልጠናና በክትትል የሚያገለግል ማከፋፈያ መሆን ነው።

ሁለትና ሦስት ላም ብቻ ያላቸው አርሶ አደሮች እያንዳንዳቸው ወርሃዊ ክፍያ ሊከፍሉ አይችሉም። ማኅበራቸው ግን ይችላል፤ ከሚያስረክቡት ወተት ሒሳብ ላይ በሊትር ጥቂት ሳንቲም ቀንሶ ለሐኪሙ በአንድነት ሊከፍል ይችላልና፣ መጀመሪያ የሚያነጋግሩት የማኅበሩን ሊቀ መንበርና ሒሳብ ሹም ይሁን።

የወተት መንጋ ውል እንዴት ይያዛል

ከሁሉም መንገዶች ለጀማሪ ሐኪም የተሻለ ሆኖ የሚታየኝ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ።

የመጀመሪያው ጉብኝት መድኃኒት የሌለበት ይሁን። የሚይዙት ደብተር፣ ረጅም የምርመራ ጓንትና ካሊፎርኒያ የሚባለው የጡት በሽታ መመርመሪያ ፈሳሽ ብቻ ነው። ለእያንዳንዷ ላም የመጨረሻ የወለደችበትን ቀን፣ የተዳቀለችበትን ቀን፣ የዕለት ወተቷን፣ ከዚህ ቀደም የታመመችውን ይመዝግቡ፤ እጅ አስገብተው እርግዝናዋን ያረጋግጡ፤ አራቱንም ጡቶቿን ይመርምሩ። አብዛኛው ባለቤት ይህን ዝርዝር በአንድ ገጽ ላይ ተጽፎ አይቶ አያውቅም። ከወለደች አራት ወር አልፏት ያልረገዘች፣ ደህና ስትመስል ግን ከአንዱ ጡቷ ድብቅ በሽታ የተገኘባት ላም በዝርዝሩ ላይ ስትታይ ቀጣዩን ውይይት የሚጀምረው ባለቤቱ ራሱ ይሆናል።

ከዚያ ሒሳቡን አብረው ይሥሩ። ላም ኮርማ የምትፈልገው በየ21 ቀኑ ነው፤ አንድ ጊዜ ምልክቱ ሳይታይ ካለፈ ቀጣዩ ወሊድ በሦስት ሳምንት ይዘገያል። ዐሥር ላሞች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ካመለጣቸው በድምሩ 420 የላም ቀን ያለ ጥቅም ተቀልቧል ማለት ነው፤ ይህን በባለቤቱ የአንድ ቀን የመኖ ወጪ ያባዙት። የመኖ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ከእርስዎ ይልቅ እርሱ ስለሚያውቅ ሌላ ማሳመኛ አያስፈልግም። እንግዲህ የሐኪሙ ወርሃዊ ክፍያ የሚነጻጸረው ከዚህ ኪሣራ ጋር እንጂ ከአንድ መርፌ ዋጋ ጋር አይሆንም።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ አንድ ገጽ ይበቃል። በወር ስንት ጊዜ እንደሚጎበኙ፣ በአንድ ላም ስንት እንደሚከፈል፣ ምጥ ሲጠናባት፣ ስትነፋ ወይም ከወሊድ በኋላ ስትወድቅ በሌሊት ለሚደረግ ጥሪ ያለው ተጨማሪ ክፍያ፣ አንዱ ወገን ማቋረጥ ሲፈልግ የሚሰጠው የጊዜ ማስታወቂያ ይግባበት። መድኃኒት በተገዛበት ዋጋ ላይ ግልጽ የሆነ አነስተኛ ጭማሪ ታክሎ ለብቻው በደረሰኝ ይቅረብ፤ የምክር ዋጋ በመድኃኒት ውስጥ እንደገና ከተደበቀ ወደ ቀድሞው ወጥመድ መመለስ ይሆናል። እንስሳ እንደማይሞት ቃል አይግቡ። ውሉን ለሦስት ወር የሙከራ ጊዜ መጀመርና በመጨረሻው የመጀመሪያውን ዝርዝር ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን ማሳየት፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ቀጣዩን ደንበኛ ያመጣል።

በጉብኝቱ ወቅት ትኩረት የሚሹት ሥራዎች ቀላል የሚመስሉ ናቸው። ጥጃ በተወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በቂ እንገር መጠጣቷን ማረጋገጥ፣ በአንዳንድ ቤት የእንግዴ ልጅ እስኪወርድ ድረስ እንገር የሚከለከልበትን ልማድ በትዕግሥት ማስቀረት፣ ከአዳቃይ ባለሙያው ጋር በስልክ ተናቦ የማዳቀያ ሰዓትን ማስተካከል፣ የአባሰንጋ፣ የአባጎርባና የአፍና እግር በሽታ ክትባትን በቀን መቁጠሪያ ማስያዝ ይገኙበታል። ሌላው ገና ያልተነካ አገልግሎት የግዢ ምርመራ ነው። የተዳቀለች ጊደር ዋጋ እጅግ ከፍ ባለበት በዚህ ዘመን ገዢው ስለ እርግዝናዋ የደላላ ቃል ብቻ ይዞ ይከፍላል፤ እርግዝናዋን፣ ውርጃ ከሚያስከትለው ብሩሴሎሲስና ከሳንባ ነቀርሳ ነጻ መሆኗን በምርመራ አረጋግጦ ፊርማ የሚያኖር ሐኪም ክፍያውን ያለ ክርክር ያገኛል።

ዶሮ

የዶሮ ባለቤት የሚያስበው ስለ አንዲት ዶሮ ሳይሆን ስለ ቤቱ ሙሉ ዶሮ ስለሆነ መከላከልን ማስረዳት ከከብት ይልቅ ይቀላል። ክፍያውን በምርት ዙር፣ ማለትም ጫጩት ከገባችበት ቀን እስከ ሽያጭ ወይም እስከ እንቁላል መጀመሪያ ድረስ፣ መተመን ይሻላል። በቫይረስ ለሚመጡት የፈንግልና የጉምቦሮ የዶሮ በሽታዎች የሚሰጠው ክትባት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በፋብሪካ ሳይሆን በአሰጣጥ ነው፤ በክሎሪን በታከመ የቧንቧ ውኃ ተበጥብጦ ይሰጣል፣ ወይም በረዶ በሌለው ዕቃ በፀሐይ ተጉዞ ይደርሳል። ውኃው ከክሎሪን ነጻ እንዲሆን፣ ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት እንዲጨመርበት፣ ዶሮዎቹም ከመጠጣታቸው በፊት አንድ ሁለት ሰዓት ውኃ እንዲከለከሉ ማድረግ ውጤቱን ይለውጠዋል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተከፈተ በኋላ የማይቆይ ስለሆነ፣ ጎረቤት አርቢዎችን በአንድ ቀን አስተባብሮ መከተብ ወጪውን ያካፍላል። የሞተች ዶሮን ከፍቶ መመርመርን እንደ ዋና ሥራ ይቁጠሩት፤ ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን በጥገኛ ተሕዋስያን የሚመጣ የአንጀት በሽታ ፈንግል ነው ብሎ፣ ፈንግልን ደግሞ በአንቲባዮቲክ ሊያድን ሞክሮ ቤቱ ባዶ የቀረበት አርቢ ጥቂት አይደለም።

ቄራ፣ ኳራንቲንና ሰነድ

ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች የሚወጣው የቀዘቀዘ የፍየልና የበግ ሥጋ በዋናነት ወደ ተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶችና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፈው የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከተከሰተ በኋላ ከአፍሪካ ቀንድ የሚላክ የቁም እንስሳ ለዓመታት መታገዱ ገዢው የሚገዛው ሥጋውንና እንስሳውን ብቻ ሳይሆን የሐኪሙን ፊርማ ጭምር መሆኑን አሳይቷል። በዚህ ዘርፍ ለመቀጠር ከትምህርት ቤት የተያዘው የቅድመ እርድና የድኅረ እርድ ምርመራ ዕውቀት አይበቃም፤ ሃሳፕ ተብሎ የሚታወቀውን የምግብ ደኅንነት ሥርዓትና አይሶ 22000 የተባለውን ዓለም አቀፍ የምግብ ደኅንነት መስፈርት በአጭር ሥልጠና መማር፣ ጥሩ የእንግሊዝኛ ሪፖርት መጻፍ፣ ከተቻለም ለሥራ የሚበቃ ዐረብኛ መያዝ ከሌላው አመልካች ይለያል። መፍትሔ የሚፈልግ እውነተኛ ችግርም አለ። የደጋ በግ ሥጋ ቶሎ ይጠቁራል የሚለው የገዢዎች ቅሬታ የቆየ ነው፤ እንስሳው በረጅም ጉዞና በእንግልት ደክሞ ሲታረድ ሥጋው እንደሚጠቁር ይታወቃልና፣ የአጫጫን፣ የዕረፍትና የውኃ አሰጣጥ ሥርዓት ዘርግቶ ልዩነቱን በቁጥር የሚያሳይ ሐኪም ለድርጅቱ ከደመወዙ በላይ ያተርፋል።

መድኃኒት ቤት ለመክፈት ካሰቡ

ብዙዎች የሚጀምሩበት መንገድ ስለሆነ አትክፈቱ አይባልም። የብቃት ማረጋገጫውንና የንግድ ፈቃዱን በየደረጃው ካሉት ተቆጣጣሪዎች ማውጣት፣ የተመዘገበ መድኃኒት ብቻ ከሕጋዊ አስመጪ መግዛት፣ ማቀዝቀዣው መብራት ሲጠፋ የሚጠብቅ ሁለተኛ ዘዴ ማዘጋጀት የግድ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው አንቲባዮቲክ ያለ ምርመራ የሚጠይቅን ደንበኛ እምቢ ማለት ነው። መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች መበራከት የመንግሥታትና የገዢ ሀገሮች ዋና ጉዳይ ሆኗል፤ ወተት ሰብሳቢ ፋብሪካዎችም የመድኃኒት ቅሪት ያለበትን ወተት የሚመልሱበት አሠራር ወደፊት እየጠበቀ መሄዱ አይቀርም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ወተቱና ሥጋው ለስንት ቀን ለሰው እንደማይቀርብ በወረቀት ጽፎ መስጠት ከአሁኑ ይለመድ።

ውሻና ድመት በከተማ

በአዲስ አበባ የቤት እንስሳት ክሊኒክ ገበያ እያደገ ቢሆንም ጠባብ ነው፤ ደንበኞቹ በአብዛኛው ዲፕሎማቶች፣ ከውጭ የተመለሱ ኢትዮጵያውያንና ለጥበቃ ውድ ውሻ የገዙ ባለሀብቶች ናቸው። በዚህ ሥራ ትልቁ ገቢ ሊገኝ የሚችለው ከጉዞ ሰነድ ዝግጅት ነው። ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ኅብረት ለሚሄድ ውሻ በቆዳው ሥር መለያ ቺፕ መቀበር፣ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መሰጠት፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ ኅብረቱ በተቀበለው ላቦራቶሪ መመርመር፣ ደሙ ከተወሰደ በኋላም ሦስት ወር መጠበቅ ያስፈልጋል። አሜሪካም ኢትዮጵያን በበሽታው ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ሀገሮች ዝርዝር ውስጥ ያስገባች ሲሆን እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ደንቧን አጥብቃለች። ባለቤቱ ቲኬት ከቆረጠ በኋላ ወደ ሐኪም ቢመጣ ጊዜው አይበቃም፤ ቅደም ተከተሉን የሚያውቅና ለደንበኛው ቀድሞ የሚያስረዳ ሐኪም በዚህ ብቻ ስም ያወጣል።

የመንግሥት ሥራና ምርምር

የወረዳ ቅጥር ከተገኘ መናቅ የለበትም። ሞተር ሳይክሉ ነዳጅ አጥቶ የሚቆምበት፣ ማቀዝቀዣው የሚበላሽበት፣ ሐኪሙም ከሙያው ውጭ በሆነ ኮሚቴ የሚጠመድበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቢሆንም በሁለት ዓመት ውስጥ የሚታየውን ያህል የበሽታ ዓይነት ሌላ ቦታ ማየት ያስቸግራል። ያንን ጊዜ ለመጠቀም የዕለት ሕሙማን መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጡ ይያዙ፤ በየወሩ የሚላከውን የወረርሽኝ ሪፖርት በጥንቃቄ ይሙሉ፤ ናሙና በአግባቡ ወስደው ወደ አካባቢው ላቦራቶሪ ወይም ወደ ሰበታው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይላኩ። የሦስት ዓመት ንጹሕ መረጃ ያለው አመልካች ለማስተርስ ሲወዳደር ርእሱን ይዞ ይቀርባል። የሰውንና የእንስሳን ጤና አጣምሮ የሚያየው የ«አንድ ጤና» አሠራር በእብድ ውሻ በሽታ፣ በአባሰንጋና በብሩሴሎሲስ ላይ የሚያካሂዳቸው ፕሮጀክቶች፣ በአዲስ አበባ ካምፓስ ያለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ በቢሾፍቱ የሚገኙት ብሔራዊው የክትባት ማምረቻና የአፍሪካ ኅብረት የክትባት ጥራት ማዕከል የሚፈልጉት ስታቲስቲክስና ካርታ መሥራት የሚችል፣ ላቦራቶሪ የማያስፈራው ሐኪም ነው። አር የተባለውን ነጻ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ደግሞ በራስ ጥረት መማር ይቻላል።

ራስን መጠበቅ

በሥራ ላይ የመጀመሪያው ወጪ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባትን ለራስ መከተብ መሆን አለበት። ያለ ጓንት የእንግዴ ልጅ አይነካ፤ በድንገት ሞቶ ከአፍንጫው ደም የሚፈሰውን ከብት አይክፈቱ፤ ያለ ክራሽ (ከብቱን አቁሞ የሚይዝ ጠባብ አጥር) ወይም ያለ ጠንካራ ገመድ ትልቅ ከብት አይመርምሩ። ሴት ሐኪሞች «ለከብት ጉልበት ያስፈልጋል» በሚል ወደ ቢሮ ሥራ ሲገፉ ይታያል፤ ከብትን የሚይዘው ግን ክራሽና ማደንዘዣ ነው። የዶሮ፣ የጥጃና የወተት ሥራ በአብዛኛው ቤት በእናቶች እጅ ስለሆነ፣ ሴት ሐኪም ወንዱ በበር ቆሞ የማይሰማውን ነገር ጓዳ ገብታ ትሰማለች፤ ይህን ብልጫ በውል ዋጋ ላይ ማሳየት ይገባል።

ወደ ውጭ ለሚያስቡ

ወደ አሜሪካ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ዲግሪውን ይዞ ወዲያው ማከም አይችልም። ኢሲኤፍቪጂ የተባለው የውጭ ምሩቃን መርሐ ግብር አራት ደረጃ አለው፤ የትምህርት ማስረጃ ማጣራት፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ፣ የመሠረታዊና የክሊኒክ ሳይንስ የጽሑፍ ፈተና፣ በመጨረሻም ለተከታታይ ቀናት በእንስሳት ላይ የሚሰጥ የተግባር ፈተና ናቸው። ፔቭ የሚባለው ሌላው መንገድ ከጽሑፍ ፈተና በኋላ በትምህርት ቤት የሚገመገም የክሊኒክ ጊዜን ይጠይቃል። ሁለቱም ናቭሌ የተባለውን የፈቃድ ፈተናና የክፍለ ግዛቱን ፈቃድ አያስቀሩም። ሒደቱ ዓመታት የሚወስድና በሺዎች የሚቆጠር ዶላር የሚጠይቅ ስለሆነ፣ በመካከሉ በክሊኒክ ረዳትነት ተቀጥሮ መሥራት ገቢም ልምምድም ይሆናል፤ በተለይ በውሻና በድመት ቀዶ ሕክምና እጅ ያልፈታ ሐኪም የተግባር ፈተናውን ያለዚህ ልምምድ ማለፍ ይቸግረዋል። የዚያ ሀገር ሙያም የራሱ ሸክም አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት ራስን በማጥፋት የመሞት ዕድል ከአጠቃላዩ ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር በወንድ የእንስሳት ሐኪሞች 2.1 እጥፍ፣ በሴቶቹ 3.5 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ከመወሰን በፊት እዚያ የሚሠሩ የቀድሞ የክፍል ጓደኞችን ስለ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራ ሰዓታቸውም ይጠይቁ። ለመሄድ ከወሰኑ፣ ዩኒቨርሲቲው በታሸገ ፖስታ የሚልከውን የውጤት ማስረጃ፣ የትምህርት ዝርዝሩን የእንግሊዝኛ ቅጂና የቀድሞ አሠሪዎች የሥራ ልምድ ደብዳቤ ከሀገር ሳይወጡ ያስጨርሱ፤ ከሩቅ ሆኖ በወኪል ማስጨረስ ወራት ይፈጃል።